ሐኪም ቤትም እንደ ንግድ ቤት ሒሳቡን ሲመረምር

በሰሜን ወሎ የምትገኘው የሐራ ገበያ፣ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣውና ከመቀሌ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ እንዲገናኙባት የታቀደች ከተማ በመሆንዋ፣ ስምዋ በነጋድያን ዘንድ ከስፋትዋ በላይ የታወቀ ነው። በሐራ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ ስለ እህሉና ስለ ከብቱ፣ ስለ ጨርቃ ጨርቁና ስለ ልዩ ልዩ ሸቀጡ ብዙ ያስባል፤ ዋጋውንም ከገበያ ገበያ ያነጻጽራል። በመኪና ከሚጫነው ዕቃ መካከል ግን አንዱ ወገን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሐሳብ ውጭ ሆኖ ይኖራል፤ ይኸውም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል የሚገባው ጓንት፣ ጎዝ፣ ሳሙና፣ አልኮል፣ የአልጋ ልብስና መድኃኒት ነው። አቅራቢው ዕቃውን አስረክቦ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ያ ዕቃ የሚፈተነው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚፈተነውም በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በተኛ ሰውና በማዋለጃ ክፍል ባለች እናት ላይ ነው።

በሐራ ዙሪያ ባለው ገጠር ምጥ የጠናባት ሴት በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች፤ በዚያ የማይቻል ሲሆን ወደ ወልድያ ሆስፒታል፣ ነገሩ ከከበደም እስከ ደሴ ትላካለች። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ በመሠራቱ፣ በሕዝቡና በሕክምና መካከል የነበረው ርቀት ከቀድሞው እጅግ አጥሮአል። ርቀቱ ሲያጥር ግን ሌላ ጥያቄ ተነሥቶአል። ሕመምተኛው ከደረሰ በኋላ የሚገባው ነገር በሚገባው ሰዓት ይደረግለታልን? «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሕክምና ሊያድናቸው ሲችል በየዓመቱ ከሚሞቱት ሰዎች መካከል 3.6 ሚሊዮን ያህሉ ሕክምና ሳያገኙ እንደሚሞቱ፣ 5 ሚሊዮን ያህሉ ግን ሕክምና ቤት ደርሰው፣ የተሰጣቸው ሕክምና ጥራት የጎደለው በመሆኑ እንደሚሞቱ ገምቶአል። በመንገድ ላይ ከቀሩት ይልቅ ደርሰው የሚሞቱት ይበዛሉ ማለት ነው።

ይህን ጉድለት ለማረም ዛሬ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች የሚሠራበት ዘዴ «በማስረጃ ላይ የተመሠረተ የጥራት ማሻሻያ» ይባላል። ስሙ ረዥም ይሁን እንጂ ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። አንድ ባለሱቅ ስኳሩ በየወሩ መጨረሻ የሚጎድልበት ቢሆን፣ አስተዋይ ከሆነ ሠራተኛውን ከመቆጣቱ በፊት ጉድለቱ ስንት ኪሎ እንደ ሆነ ይመዝናል፤ በየትኛው ቀንና በየትኛው ቦታ እንደሚጎድል ይመረምራል፤ ጆንያው ተቀዶ እንደ ሆነ ወይም ሚዛኑ ተዛብቶ እንደ ሆነ ያያል፤ አንዱን ነገር ለውጦም ለአንድ ሳምንት እንደገና ይመዝናል። ጉድለቱ ከቀነሰ ለውጡን ያጸናዋል፤ ካልቀነሰ ሌላ ይሞክራል። ሆስፒታሎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማቀድ፣ መሞከር፣ ውጤቱን ማጥናት፣ በተጠናውም መሠረት መሥራት የተባሉት አራት እርምጃዎች በአንድ ክፍልና በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ተጀምረው፣ እየተደጋገሙ ወደ ሌላው ክፍል ይሰፋሉ።

ማስረጃ የተባለውም ሁለት ዓይነት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው ከዓለም የሕክምና ምርመራ የሚገኝ ነው፤ ይህ ወይም ያ ነገር ቢደረግ ሕመምተኛ እንደሚድን በብዙ ሰው ላይ ተፈትኖ የተረጋገጠ ማለት ነው። ሁለተኛው ከራስ ቤት መዝገብ የሚገኝ ነው፤ ያ የተረጋገጠው ነገር በዚህ ሆስፒታል፣ በዚህ ሳምንት፣ ለስንት ሰው በእርግጥ ተደረገ? የሚል ነው። የመጀመሪያው በመጽሐፍ ይገኛል። ሁለተኛው ግን በየቀኑ ካልተቆጠረ ከየትም አይገኝም፤ ብዙ ሕክምና ቤቶች የጎደላቸውም እርሱ ነው።

ዘዴው የተወለደው በፋብሪካ ነው። ዋልተር ሸዋርት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ለስልክ ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች የምርታቸውን ጉድለት በየጊዜው በሥዕል እያሰፈሩ እንዲመለከቱ ዘዴውን ያቀረበው በ1924 እ.ኤ.አ. ነበር። ኤድዋርድስ ዴሚንግ ደግሞ በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓን ሄዶ ለኢንዱስትሪ መሪዎች አስተማረ። ጃፓናውያን ከራሳቸው ልማድ ጋር አዋሕደው ያሳደጉት አሠራር ካይዘን በሚለው ስም በአገራችንም የታወቀ ሆኖአል፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም በ2011 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞአል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የተባሉትን አምስቱን «ማ»ዎች በፋብሪካ ግድግዳ ላይ ተጽፈው ያየ ነጋዴ ብዙ ነው፤ በሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን በር ላይ ቢያገኛቸውም ሊደነቅ አይገባውም።

ለዚህ ሥራ ከወላዶች ክፍል የሚበልጥ ምሳሌ አይገኝም። በዓለም እናቶችን ከሚገድሉት ምክንያቶች ቀዳሚው ከወሊድ በኋላ የሚፈሰው ደም ነው። ወላድዋ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ከፈሰሳት አደጋ ላይ ነች ይባላል። ነገር ግን በአንሶላና በወለል ላይ የፈሰሰውን ደም ግማሽ ሊትር ይሁን ወይም አንድ ሊትር ይሁን የሚያውቀው ማን ነው? በብዙ ቦታ አዋላጅዋ በዐይንዋ ትገምታለች፤ ዐይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያሳንሳል። አደጋው ሲታወቅም ሰዓቱ ያልፋል።

በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ «ኢሞቲቭ» የተባለ ታላቅ ፈተና በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛንያና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች፣ በ210,132 ወላዶች ላይ ተደርጎአል። የተሞከረው ነገር ለማመን የሚያስቸግር ቀላል ነው። ከወላድዋ ሥር አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ይነጠፋል፤ በከረጢቱ ላይ የመስፈሪያ መስመር ተሠምሮበታል፤ ደሙ ከመስመሩ ሲደርስ አዋላጅዋ ማሕፀንን ማሸት፣ ማሕፀን የሚያኮማትረውንና ደም የሚያቆመውን መድኃኒት መስጠት፣ በደም ሥር ፈሳሽ ማስገባትና ደሙ የሚመጣበትን ቦታ መመርመር የመሳሰሉትን እርዳታዎች አንዱን ጨርሳ ሌላውን ሳትጠብቅ በአንድነት ታደርጋለች። በቀድሞው አሠራር በቀጠሉት ሆስፒታሎች ብዙ ደም ከፈሰሳቸው እናቶች መካከል አደጋው በጊዜው የታወቀላቸው ከ100ው 51 ያህል ሲሆኑ፣ ከረጢቱን በያዙት ዘንድ 93 ደረሱ። ለከባድ የደም መፍሰስ፣ በዚሁ ምክንያት ሆድን ከፍቶ ለማከም ወይም ለሞት የደረሱት ወላዶች በቀድሞው አሠራር ከ100ው 4.3 ነበሩ፤ በአዲሱ 1.6 ሆኑ። የጨመረው ዕቃ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ነው። እህሉን በዐይኑ ገምቶ የማይሸጥ ገበሬ፣ ጨርቁን ያለ ሜትር የማይቀድ ነጋዴ ባለበት ዓለም፣ የእናት ደም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በግምት ሲለካ መኖሩ በእውነቱ የሚያስገርም ነው።

ከዚሁ ጋር ለመኪና ባለቤትና ለመድኃኒት አስመጪ የሚያገባ አንድ ነገር አለ። ማሕፀንን ከሚያኮማትሩት መድኃኒቶች ዋነኛው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ የሚገባው ነው። በቆላው ሙቀት በመኪና ላይ የዋለ ኦክሲቶሲን መልኩ አይለወጥም፤ ብልቃጡም አይሰበርም፤ ኀይሉ ግን ይደክማል። ሐኪሙም ሆነ ባለመድኃኒት ቤቱ በማየት ሊለየው አይችልም። የተበላሸ ቲማቲም ገበያ ላይ ራሱን ያጋልጣል፤ የተበላሸ ኦክሲቶሲን ግን የሚታወቀው በሰጡት ጊዜ ደሙ ሳይቆም ሲቀር ነው።

መቁጠር ብቻውን ሰውን እንደማያሳምን የሚያስረዳ የቆየ ታሪክም አለ። በቪዬና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል በሚያዝያ 1847 እ.ኤ.አ. ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር። ሐኪሞቹ ሬሳ ከመረመሩ በኋላ በዚያው እጅ ወደ ወላድ እንደሚሄዱ አስተውሎ፣ በክሎሪን ኖራ ውኃ እንዲታጠቡ አደረገ፤ በሰኔ ወር የሟቾቹ ቁጥር ወደ 2 ያህል ወረደ። ይህን የሚያህል ማስረጃ ይዞ ሳለ ግን ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ አልተቀበሉትም፤ እርሱም በ1865 እ.ኤ.አ. በአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ ውስጥ ሞተ። ዛሬ በሆስፒታል የሚቋቋመው የጥራት ቡድን ሐኪሙን ብቻ ሳይሆን ነርሷን፣ የመጋዘን ጠባቂውንና የጽዳት ሠራተኛዋን የሚጨምረው፣ ቆጠራው የአንድ ሰው ክስ እንዳይሆን ተብሎ ነው።

በአገራችን ሥራው በደንብ መልክ የያዘው ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ተከፈተ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የሆስፒታሎችን አሠራር የሚያድስ መመሪያ አወጣ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የጥራት ኅብረት ተመሠረተ። ይህ ኅብረት ለንግድ ሰው ትኩረት የሚገባው ነው። ሆስፒታሎች በክልል በክልላቸው በቡድን ይመደባሉ፤ በሥራው ብልጫ ያሳየው መሪ ይሆንና ያወቀውን ለቀሩት ያካፍላል። በመጀመሪያው ዙር የተያዘው ጉዳይ የሕመምተኛው መደሰትና አለመደሰት ነበር፤ በኋላ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና፣ ከዚያም የሆስፒታል ንጽሕና ተከተሉ። በገበያ ላይ ተወዳዳሪ ምስጢሩን ይደብቃል፤ እዚህ ግን ያሸነፈው የሚሸለመው ምስጢሩን እንዲያስተምር ነው። ከ2016 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት ብሔራዊ የጤና ጥራት ስትራቴጂም ወጣ። በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ የዓለም የጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ሕክምናን ጥራት ለማሻሻል ያቆመው የአገሮች መረብ ሲመረቅ፣ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አገሮች አንዷ ነበረች።

መመሪያና ስትራቴጂ በወረቀት ላይ ብዙ ነው። በሥራ ላይ ውሎ በቁጥር የተመሰከረለትን ለማየት ግን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መግባት ያስፈልጋል። «ላይፍቦክስ» የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ጋር ሆኖ «ክሊን ከት» የተባለውን ሥራ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አካሂዶአል። ዓላማው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቁስል እንዳያመረቅዝ ማድረግ ነው። ቁስሉ ያመረቀዘ ሰው በሆስፒታል ሳምንታት ይተኛል፤ አስታማሚው ከእርሻው ወይም ከሱቁ ይቀራል፤ ለመድኃኒት የሚከፈለው ይበዛል፤ አንዳንዱም ይሞታል።

ሥራው የተጀመረው አዲስ መሣሪያ በመግዛት አልነበረም። ቡድኑ የእያንዳንዱን ነገር መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በእግሩ እየተከተለ ይመዘግባል። የቀዶ ሕክምናው ጋውን ከልብስ ማጠቢያ ወጥቶ በማን እጅ ያልፋል? ቀዳዳ እንዳለው በብርሃን አንጋጥጦ የሚያየውስ ማን ነው? በእንፋሎት የሚቀቀለው የመሣሪያ ጥቅል ውስጥ ሙቀቱ በበቂ መድረሱን በቀለም ለውጥ የሚያሳየው ወረቀት ገብቶአልን? ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ የሚሰጠው ቢላዋው ቆዳ ከመንካቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ወይስ ሕመምተኛው በማለዳ ገና በአልጋው ሳለ? ጎዙ ሲገባና ሲወጣ ይቆጠራልን? የሐኪሙ እጅና የሕመምተኛው ቆዳስ በተገቢው መድኃኒት ታጥቦአልን? በመጨረሻም ሐኪሙ፣ ማደንዘዣ ሰጪውና ነርሷ የሕመምተኛውን ስምና የሚሠራውን ሥራ በቃል እየተጠያየቁ የሚያረጋግጡበት ዝርዝር ተነቦአልን? ይህ ዝርዝር የዓለም የጤና ድርጅት ያወጣው ሲሆን፣ በስምንት ከተሞች ተሞክሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት የሟቾቹን ቁጥር ከ100ው ከ1.5 ወደ 0.8 አውርዶ የነበረ ነው።

በአምስቱ ሆስፒታሎች ከ2,200 በላይ የቀዶ ሕክምናዎች ተመዝግበው ሲመረመሩ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው ጋር ሲነጻጸር የቁስል ማመርቀዝ በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቶአል። ውጤቱም በ2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ታትሞአል። ከላይ የተዘረዘሩትን ነገሮች በጥሞና ለተመለከተ ሰው ከእነርሱ ግማሽ የሚሆኑት የአቅራቢ ጉዳይ መሆናቸው ግልጽ ነው። ጋውኑ በአሥር እጥበት የሚበሳ ከሆነ፣ ጎዙ ክሩ የሚረግፍ ከሆነ፣ አልኮሉ በውኃ የቀጠነ ከሆነ፣ የሐኪሙ ትጋት ብቻውን ቁስሉን አያድነውም። ዕቃው በጨረታ ሲገዛ አንድ ብር የረከሰው፣ ሕመምተኛው በተኛባቸው ቀናት ብዛት ተመልሶ ሊከፈል ይችላል። ይህን ለጨረታ ኮሚቴ ማስረዳት ቀላል እንዳልሆነ ግን ጥሩ ዕቃ አቅርቦ በዋጋ የተሸነፈ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ቆጠራ የያዘ ሆስፒታል ይህን ክርክር በቁጥር ሊፈታው ይችላል፤ ያልቆጠረ ግን ዘወትር ለርካሹ ይፈርዳል።

ከሁሉ ይልቅ ለነጋዴ ልብ የሚቀርበው ግን በራሱ በአማራ ክልል የተወለደው የመድኃኒት ቤት አሠራር ነው። በሆስፒታሎች መድኃኒት ቤት ለብዙ ዘመን የነበረው ሁኔታ እንዲህ ነበር። መድኃኒቱ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ከመጋዘን ይወጣል፤ ከዚያ ወዲህ ግን በመስኮቱ ስንት ፍሬ እንደ ተሸጠ፣ ስንት በነፃ እንደ ተሰጠ፣ ስንት ጊዜው እንዳለፈበትና ስንት እንደ ጠፋ ለይቶ የሚናገር ሰነድ አልነበረም። ማንም ባለሱቅ በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት ቢሠራ ይከስራል። የመንግሥት መድኃኒት ቤት ስለ ሆነ ግን ክሳራው የሚታየው በሌላ መልክ ነበር፤ ሕመምተኛው «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል።

«የሚመረመር የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት» ሊባል የሚችለው አዲስ ሥርዓት በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀመረ፤ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የሚሠራ የመድኃኒት አስተዳደር ፕሮግራምም ደገፈው። እያንዳንዱ መድኃኒት በገባበት ዋጋና በባች ቁጥሩ ይመዘገባል፤ የሽያጭ ትኬት ይቆረጥለታል፤ የቀኑ ሽያጭ በማታ ይደመራል፤ የመድኃኒት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ይመደባል፤ በተወሰነ ጊዜም በመደርደሪያው ላይ ያለው ከመዝገቡ ጋር ይታረቃል። ከዚህም በላይ መድኃኒቶቹ በሁለት ሚዛን ይመዘናሉ፤ በአንድ በኩል ከበጀቱ የሚበዛውን የሚወስዱት ተለይተው ይታወቃሉ፤ በሌላ በኩል ሕይወት የሚያድኑት ከቀሩት ይለያሉ። ገንዘብ ሲያንስ ከየትኛው መቀነስ እንደሚቻል የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ለሕመምተኛውም መስኮቶቹ ተለያይተው፣ ማዘዣው በአንዱ ይመረመራል፣ በሌላው ይከፈላል፣ በሦስተኛው መድኃኒቱ እንዴት እንደሚወሰድ ይነገራል። ክልሎችና የፌዴራሉ መንግሥት ሥርዓቱን በደንብ አጽድቀው በብዙ ሆስፒታሎች እንዲሠራበት አድርገዋል። ከውጭ አገር የተማርነውን ዘዴ የምናወድስበት ጊዜ ብዙ ሲሆን፣ ከጎጃም የተነሣው ይህ አሠራር ግን በንግድ ሰዎች መካከል ሊሰማ የሚገባውን ያህል አልተሰማም።

ይህ ሁሉ ሲባል ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ቆጠራው ለበላይ መሥሪያ ቤት ዘገባ ብቻ ሲሆን ቁጥሩ ያምራል፤ ሕመምተኛው ግን እንደ ታመመ ይቀራል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ሊነበብ የሚገባው ዝርዝር ሥራው ካለቀ በኋላ በአንድ ሰው እጅ በሙሉ ምልክት ከተደረገበት፣ ወረቀቱ ከነጭ ወረቀት የከፋ ነው፤ ነጩ ቢያንስ አይዋሽም። ሁለት መዝገብ መያዝ ምን እንደሚያስከትል ለነጋድያን ሌላ ሰው ሊነግራቸው አያስፈልግም።

በሰሜን ወሎ ደግሞ ከዚህ የባሰ ፈተና ደርሶአል። ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስትቆይ፣ በዞኑ የሚገኙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋልም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ከተነሣ በኋላም መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት የጫነ መኪና የቆመበት ጊዜ ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ከውጭ የሚመጣው የሕክምና ዕቃ የብር ዋጋ ናረ፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በማቆሙ፣ በዚያ ገንዘብ የቆሙ ብዙ የጤና ፕሮግራሞች ተናጉ።

እርዳታው ሲሄድ ከዚህ ሥራ የሚቀረው ምንድን ነው? መዝገቡ፣ እርሳሱና በሳምንት የአንድ ሰዓት ስብሰባ ይቀራሉ፤ እነዚህ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቁም። ሆኖም ሳሙና በሌለበት ክፍል የእጅ መታጠብን መቁጠር ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ የወልድያና የመርሳ ሕክምና ቤቶች የሚያሻሽሉት ሥራ በአቅራቢው ታማኝነት ላይ ከቀድሞው ይልቅ የተመሠረተ ሆኖአል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ለዚህ አካባቢ በደሴ ቅርንጫፉ በኩል ያከፋፍላል፤ ከእርሱ ያልተገኘውን ግን ሆስፒታሎቹ ከግል አስመጪና ከጅምላ ሻጭ ይገዛሉ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድንም ነገሩን አጥብቆታል፤ ከእነዚያ ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ ገበሬ «መድኃኒት የለም» ሲባል፣ በሚቀጥለው ዓመት መታወቂያውን ለማሳደስ እጁ ይሰበሰባል። እርሱ ካላደሰ የሆስፒታሉ ገቢ ይቀንሳል፤ ሆስፒታሉም ለነጋዴው የሚከፍለው ይዘገያል።

ወደ ሆስፒታል ዕቃ ለማቅረብ ያሰበ ነጋዴ እንግዲህ ጥቂት ነገሮች እንደሚጠየቅ አውቆ ቢዘጋጅ ይጠቅመዋል። መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የመዘገበው መሆን አለበት። የባች ቁጥሩና የአገልግሎቱ ማብቂያ ጊዜ በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ዕቃውን ሳይመልስ በዕለቱ ገቢ ያደርገዋል፤ ክፍያውም በዚያው መጠን ይፈጥናል። ጋውንና የቀዶ ሕክምና ጨርቅ የሚያሰፋ ልብስ ሰፊ ከመሸጡ በፊት አንድ ናሙና ለሆስፒታሉ ሰጥቶ በራሱ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያና በእንፋሎት መቀቀያው ደጋግሞ ቢያስፈትነው፣ ጨረታ ሲወጣ በእጁ ማስረጃ ይኖረዋል። በቅዝቃዜ የሚጓዝ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ከደሴ የተጫነበት ሰዓትና ወልድያ የደረሰበት ሰዓት፣ የበረዶ ሣጥኑም ቴርሞሜትር በሁለቱም ጊዜ ያሳየው ዲግሪ፣ በማስረከቢያው ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሾፌሩና የመጋዘን ጠባቂው ሊፈርሙበት ይገባል።